የአባቴ እርግማን በእንግሊዝኛ

ሰው የሚያውቀውን ሲያካፍል ይመሰገናል። እኔ የማውቀውን በማካፈሌ አባቴን ለሦስት ቀን እህል አስተውኩት። ታሪኩን እስከ ዛሬ ለብዙ ሰው አላወራሁትም፤ ያወራሁላቸውም ግማሹን ሲሰሙ ስቀው ሌላውን ግማሽ ሳይሰሙ ሄደዋል። እናንተ እንኳ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ድሬዳዋ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ። ማኅሌት እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ ማሂ ነኝ። የዚያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከአባቴ ከግርማ ጋር ከዚራ ሰፈር ውስጥ እንኖር ነበር፣ አሁንም እንኖራለን። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። አንድ ወንድም አለኝ፣ ሄኖክ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስለ ራሴ ጠባይ ከተጠየቅሁ ደግሞ ልደብቃችሁ አልችልም፦ አዋቂ መባል ደስ ይለኛል። አንድ አዲስ ነገር ካነበብኩ እስካወራው ድረስ አፌን ያሳክከኛል።

አባዬ ዕድሜውን በሙሉ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ሆኖ ነው የኖረው። ጡረታ ከወጣም በኋላ እጁ አያርፍም፤ የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ፣ የጎረቤት ቬንትሌተር፣ የተሰበረ ወንበር ሁሉ ወደ እሱ ነው የሚመጣው። ድሬ ደግሞ ስድብና ፍቅር አብረው የሚኖሩበት ከተማ ነው፤ የሚወድህ ሰው ሳይሰድብህ ሰላም አይልህም። አባዬ ግን አይሳደብም። መዶሻ ጣቱን ሲመታው፣ ሚስማር ሲወድቅበት፣ መብራት ሲጠፋ አንዲት ቃል ብቻ አለችው፦ “ዳርን!” ገና ወጣት ሳለ በቶርኖ ብረት መቅረጽ ካስተማረው አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው የተማራት። ፈረንጁ ብረት ባበላሸ ቁጥር “ዳርን!” ይል ነበር። ተማሪዎቹ ትርጉሟን ቢጠይቁት “እናቴ የፈቀደችልኝ ስድብ ናት” አላቸው አሉ። አባዬ ይህን መልስ ወደደው፤ ቃሏንም ወሰዳት።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ክፍል ውስጥ ስለ ንዴትና ስለ መደነቅ ቃላት ሳስተምር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና “ቲቸር፣ ፊልም ላይ ዳርን ይላሉ። ምን ማለት ነው?” አለችኝ። በልጅነቴ ሁሉ የሰማኋትን ቃል ትርጉሟን አላውቅም ነበር! ለካ ጆሮ የለመደውን አይጠይቅም። በእረፍት ሰዓት ስልኬ ላይ ፈለግሁ፣ ያገኘሁት ነገር በጣም አስደሰተኝ፣ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ቸኮልኩ።

አባዬ ሩዙን እየበላ ነበር። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ጀመርኩ።

“አባዬ፣ ያቺ ዳርን የምትላት ቃልህ ጉድ ናት እኮ!”

“ደግሞ እሷ ምን አደረገች?”

“ስድብ አይደለችም፣ እርግማን ናት። ዋናው ቃል ‘ዳም’ የሚሉት ነው፤ ‘ኩነኔ ይውረድብህ፣ ገሃነም ግባ’ እንደ ማለት ነው። ድሮ አሜሪካ አንዳንድ ቦታ ይህን ቃል መናገር ያስቀጣ ነበር ይባላል። ሰው ደግሞ ሲናደድ ዝም አይልም፤ ስለዚህ ቃሉን ሸፋፍነው ሌላ አስመሰሉት። እንዲያውም አንዳንድ አዋቂዎች እንደሚሉት ዳርን ‘ኢተርናል’፣ ዘላለማዊ፣ ከሚለው ቃላቸው ነው የተሸረፈችው። ስለዚህ አንተ ይኸን ሁሉ ዘመን ሚስማሩን በዘላለም ኩነኔ ስትኮንነው ኖረሃል ማለት ነው!”

ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

“ዘላለም?” አለኝ።

“ዘላለም።”

“ለሰው ሲባልስ?”

“ለሰውም ያው ነው” አልኩት፣ ሩዝ ለራሴ እየጨለፍኩ። አባዬ ተነስቶ እጁን ታጠበና ክፍሉ ገባ። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት፤ በዚያ ሰዓት ድሬ ላይ የማይተኛ ማን አለ?

ማታ ራት አልበላም። ሆዴን አሞኛል አለ። ዓርብ ቁርስም አልበላም። ምሳ ሲቀርብለት ሳህኑን በእጁ መልሶ ገፋው። ትኩሳት እንዳለው ግንባሩን ብነካው የለም። “ሐኪም ቤት እንሂድ” ብለው “ሐኪም የሚያውቀው ነገር አይደለም” አለኝ። ከጎረቤታችን ከሐጂ ዑስማን ሌላ የልቡን የሚያወያየው ሰው እንደሌለ ስለማውቅ ሐጂ ከጁምዓ እስኪመለሱ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሶማሌ ናቸው። ከአባዬ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ አጥር ተዋስነው ኖረዋል። በረንዳው ላይ አባዬ አጠገብ ቁጭ አሉና ትከሻውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት።

“ግርማ፣ አቦ ምን ሆነህ ነው? ልጅቷን አስጨነቅካት።”

አባዬ እኔን አላየኝም። ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር።

“ልጄን ረግሜዋለሁ፣ ዑስማን።”

“የትኛውን ልጅ?”

“ሄኖክን። የሄደ ቀን። እዚሁ በር ላይ።”

ያን ቀን አስታውሳለሁ፣ ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሄኖክ ኮሌጁን ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ጥሎ የከባድ መኪና ረዳት ሆነ። አባዬ ለመነ፣ ተቆጣ፣ መጨረሻ ላይ በሩን ከፍቶ “ሂድ! ዳርን ዩ!” አለው። ሄኖክ ትንሽ ቆሞ አየውና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤት አልመጣም። በዓመቱ መኪናው ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል። እኔ አዳማ ድረስ ሄጄ ሆስፒታል ጠየቅሁት። አባዬ አልሄደም። ማታ ማታ ግን ይደውልልኝና “እግሩስ?” ይለኝ ነበር። እግሩን ብቻ ነበር የሚጠይቀው።

“ያን ቀን” አለ አባዬ፣ “ጉሮሮዬ ላይ የመጣው ሌላ ነበር። አንድ አባት ለልጁ ሊለው የማይገባው። ነከስኩትና በሱ ፈንታ ያቺን ቃል ጣልኩ። እግሩ ሲሰበር እንኳ ‘ልቤ ብሎታል፣ አፌ ግን አላለውም’ እያልኩ ነበር የምጽናናው። ይኸው ትናንት ማሂ ነገረችኝ። ለካ አፌም ብሎታል። ለዘላለም ብሎታል።”

እኔ ያኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የሱ ከወጣ ስድስት ዓመት፣ የኔ ከወጣ አንድ ቀን ሆኖታል፣ ሁለቱም አይመለሱም።

ድሬ ተወልዶ ያላደገ ሰው ይህ ነገር ያስቀዋል። እኛ ጋ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ኦሮሞውም ሶማሌውም ሐረሪውም በአንድ ነገር ይስማማል፦ የወላጅ እርግማን መሬት አይወድቅም። ሐጂም አልሳቁም።

“በኛ ሀባር ነው የሚባለው” አሉ ቀስ ብለው። “የአባት ሀባር ልጁን ከኋላ ይከተለዋል ይላሉ ትልልቆቹ። ግን የረገመ ያነሳል። ልጁ ይምጣ፣ እጅህን ራሱ ላይ አድርግ፣ ዱዓ አድርግለት። ያልቃል።”

“በስልክስ?” አልኩ እኔ።

“በስልክ ጨርቅ ይሸጣል እንጂ እርግማን አይነሳም፣ ልጄ። እጅ ይፈልጋል።”

እኔ አስተማሪ ነኝና ዝም አላልኩም። “አባዬ፣ ቃሏን የፈጠሩት እኮ ላለመራገም ብለው ነው። ፈረንጁ ምን ነበር ያለህ? እናቱ የፈቀደችለት ናት። ሰው ንዴቱ አፉ ድረስ ሲመጣበት እግዚአብሔርን ፈርቶ ዞር ያደረጋት ናት።”

“የፈረንጁን እናት ተያት” አለኝ። “እሷ የልጇን ልብ አላየችም። እኔ የራሴን አውቀዋለሁ። አሁን ልጁ መንገድ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ቶን ጭኖ፣ ከነእርግማኔ። እሱ ሳይነሳለት እህል እንዴት ይወርድልኛል?”

ሄኖክ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። እንደገና ደወልኩ። ጭነት ሊያነሳ ጅቡቲ ከገባ ስልኩ እንደ ልብ እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ብቻ ነው የሚያገኘው። ያን ቀን ከሰዓቱን ሙሉ “የደወሉላቸው ደንበኛ” የምትለዋን ሴት ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። አባዬ በደወልኩ ቁጥር ከክፍሉ ብቅ ይላል፣ ፊቴን ያያል፣ ይመለሳል። ውሃ ብቻ ይጠጣ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ደወለ።

“ማሂ፣ ይኼን ሁሉ የደወልሽው ሰላም ነው?”

“አባዬ እህል አልበላ ብሏል። ሊያይህ ይፈልጋል።”

የመኪናው ሞተር ይሰማኛል።

“ማንን? እኔን?”

“አንተን።”

“ወላሂ በይ።”

ድሬ ያደገ ክርስቲያን ሲጨነቅ እንዲህ ነው። “ወላሂ” አልኩት።

“በጋላፊ ድንበር ልወጣ ነበር” አለኝ። “አለቃዬን አናግሬ ወደ ድሬ በሚወስደው በደወሌ በኩል እመጣለሁ። ዛሬ ወደብ ላይ ወረፋ አለብኝ። ነገ ከሰዓት እደርሳለሁ። እስከዚያ ግን... ማሂ፣ እስከዚያ ይቆያል?”

እየሞተ መስሎታል። እውነቱን በስልክ ልነግረው አልቻልኩም፤ ብነግረውስ ማን ያምናል? “ይቆያል፣ ቀስ ብለህ ንዳ” ብቻ አልኩት።

ለአባዬ ስነግረው ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጨለመ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

“በምን ቋንቋ ነው የማነሳለት?”

“እንዴት በምን?”

“በአሥራ አራት ቁልፍ የጠበቀ ብሎን በአሥራ ሦስት አይፈታም። የረገምኩት በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚመረቀው?”

አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ያ ሁሉ ሰዋስው፣ ያ ሁሉ ፈተና፣ አንድ አባት ልጁን የሚመርቅበት ዓረፍተ ነገር ግን አእምሮዬ ውስጥ የለም። በመጨረሻ “ጎድ ብለስ ዩ” አልኩት።

“ይቺማ ሰው ሲያነጥስ የሚሏት ናት! ፊልም ላይ ሰምቻታለሁ።”

“ለሁሉም ይሏታል፣ አባዬ። ትርጉሟ ‘እግዚአብሔር ይባርክህ’ ነው።”

“ይኼው ነው? እንዲች ብቻ?” አለ ቅር ብሎት። “ለእርግማኑ ያን ያህል ተጨንቀው ለምርቃቱ እንዲህ ሰሰቱ?” ግን ተለማመዳት። ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድ ጠዋትም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በረንዳው ላይ ሲመላለስ “ጎድ ብለስ ዩ፣ ጎድ ብለስ ዩ” ሲል እሰማዋለሁ። ሳቄና እንባዬ አብረው ነበር የሚመጡት።

እሑድ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ ተቀመጠ። ጥላው ሲሸሽ ወንበሩን አብሮ ያስጠጋል። ግባ ብለው እምቢ አለ። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። የሄኖክ ስልክ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይዘጋል። ከዘጠኝ በኋላ አባዬ መለማመዱን ተወው፤ ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰው ለጸሎት ነበር። ሐጂም መጥተው ከጎኑ ቆሙ። እኔ በሆዴ የደወሌን መንገድ መታጠፊያ ሁሉ ቆጠርኩ።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ባጃጅ ታጥፎ መጣ። ሄኖክ ወረደ። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ግራ እግሩን ይጎትታል። አባዬ ያን አነካከስ በዓይኑ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ወንበሩን ደገፍ ብሎ ተነሳ።

“ቆመሃል እኮ!” አለ ሄኖክ። “ማሂ የምትሞት አስመስላ...”

“ግባ። ተቀመጥ። የምነግርህ አለኝ።”

በረንዳው ላይ ተቀመጥን። አባዬ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፣ አልተቅለሰለሰም። “የሄድክ ቀን ረግሜሃለሁ” አለው። “እግርህንም የሰበረው እሱ ነው።”

ሄኖክ እኔን አየኝ፣ ሐጂን አየ፣ መልሶ አባዬን አየ።

“መቼ ረገምከኝ? ‘ዳርን’ ነው እኮ ያልከኝ።”

“እሷ ናት።”

“ሚስማር ሲወድቅብህ የምትላትን?” ሄኖክ ሳቅ አለ፣ ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠ። “አባዬ፣ እኔን ከቤት ያስቀረኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የሰፈር ልጆች አባቶቻቸው ሲረግሟቸው እሰማ ነበር። የጓደኛዬ አባት መንገድ ለመንገድ እየተከተለው ‘ልጄ አይደለህም’ ብሎ ያለቅስ ነበር። እኔ ስሄድ አንተ ምን አልክ? መብራት ሲጠፋ የምትላትን። ‘እንደ ወደቀ ሚስማር ነው የቆጠረኝ፣ ለእርግማን እንኳ አልበቃሁም’ አልኩ። ሆስፒታልም ስትቀር ‘ይኸው’ አልኩ።”

ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱ በጣም ከበደች ብሎ፣ አንዱ በጣም ቀለለች ብሎ፣ ሁለቱም በአንዲት ቃል ምክንያት ተለያይተው ኖረዋል።

መናገር እንዳለብኝ ያወቅሁት ያኔ ነው። ለሄኖክ ሐሙስ ምሳ ላይ ያወራሁትን ደገምኩለት፤ ይህን ጊዜ ግን ሳልስቅ። ቃሏ ከውስጧ ምን እንደያዘች፣ ለምን እንደተሸፈነች፣ ከባዱ ቃል አፍ ድረስ መጥቶ ሲመለስ የሚቀረው እሷ እንደሆነች ነገርኩት። አባዬም ጨመረበት።

“ከባዱ መጥቶብኝ ነበር” አለ። “እዚህ ድረስ። አንተ ስለሆንክ ነው የዋጥኩት። ሌላ ሰው ቢሆን እለቀው ነበር።”

ሄኖክ አባቱን ትክ ብሎ አየው። “በእውነት ያን ያህል ተናደህ ነበር?”

“አንድ ሳምንት አልተኛሁም።”

ወንድሜ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገና አለቀሰ። እርግማን መኖሩን ሲሰማ በደስታ ያለቀሰ ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት። “ጎማው ፈንድቶ ነው የተገለበጠው” ይላል በእንባው መሃል፣ “ጎማው አርጅቶ ነው፣ አባዬ፣ አንተ አይደለህም፣ ወላሂ አንተ አይደለህም።”

“ቢሆንም አነሳዋለሁ” አለ አባዬ። “ተንበርከክ።”

ሄኖክ የታመመውን እግሩን እንደምንም አጥፎ ተንበረከከ። አባዬ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሐጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። አባዬ ጉሮሮውን ጠራረገና “ጎድ...” ብሎ ቆመ። ሁለት ቀን የተለማመዳት ሦስት ቃል ጠፋችበት። ወደ እኔ ዞረ። እኔም በነጠላዬ እንባዬን እየጠረግሁ ነበር።

“ኸረ ግርማ” አሉ ሐጂ፣ “ፈጣሪ አማርኛ ይሰማል፣ ቀጥል።”

ያኔ ተለቀቀለት። “እርግማኔን አንስቻለሁ። ከእግርህ ይውጣ፣ ከመንገድህ ይውጣ። እንቅፋት አይምታህ፣ ክፉ አይይህ። ወጥተህ ግባልኝ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ።” ሐጂ በያንዳንዱ “አሚን” ይላሉ። አባዬ አላቆመም፤ ስድስት ዓመት ሳይመርቀው የቀረውን ሁሉ፣ የልደቱን፣ የፋሲካውን፣ የእንቁጣጣሹን ሁሉ አንድ ላይ መረቀው። የሄኖክ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፣ ግን አልተነሳም።

ከዚያ አባዬ ራበኝ አለ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ወዲህ እኔ ተለውጫለሁ። ያወቅሁትን ሁሉ ለማውራት አልቸኩልም ብላችሁ ውሸቴን ነው፣ አሁንም እቸኩላለሁ። ግን ሰው የተናገረውን ቃል ብቻ መመዘን ትቻለሁ። አንድ የሚወደኝ ሰው ተቆጥቶ ትንሽ ቃል ሲጥልብኝ፣ ምን ውጦ ነው ይቺን ያተረፈልኝ ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጋ አንድ ሰው በቀላል ቃል ወይም በዝምታ ተለይቷችሁ ከሄደ፣ ናቀኝ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት። ምናልባት ትልቁን ስለ እናንተ ሲል ነክሶት ይሆናል። እርግማኑ ነበር ወይስ አልነበረም፣ ተነሳ ወይስ አልተነሳ፣ እሱን ለእናንተ ፍርድ እተዋለሁ። እኔ የማውቀው አባቴ እህል መብላቱን፣ ወንድሜም ቤት መግባቱን ነው።

ሰኞ ጠዋት ሄኖክን ወደ መኪናው የሚወስደው ባጃጅ መጣ። አባዬ እስከ በሩ ሸኘው፣ ውሃ የያዘ ጄሪካን አቀበለው፣ ጫማውን አየና ፊቱ ተቀያየረ።

“በዚህ ባለቀ ሶል ነው ፍሬን የምትረግጠው? አንተ ደደብ! አንተ ጭንቅላት የሌለህ! ሰው መቼ ትሆናለህ?”

በሕይወቴ አባቴን እንዲህ ሲሳደብ ሰምቼው አላውቅም። ሐጂ ከአጥራቸው በላይ ብቅ አሉ። ሄኖክ ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ወደ እኔ ጎንበስ አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

“ሰማሽ ማሂ?” አለኝ። “ደደብ አለኝ እኮ!”